አንድ ቁልፍ ፍለጋ

ከሰኞ ገበያ፣ ከልባሽ ክምር ስር፣
ካፖርት መዝዤ ገዛሁ፣ ሸካራ፣ ወፍራም፣ ጥቁር፤
ሦስት ቁልፍ አለው፣ አራተኛው ጠፍቷል፣
በየቁልፉ መሐል መልህቅ ተቀርጿል።
ባሕር ያለው ሰው ነው መልህቅ የሚያምረው፤
ደሴ ላይ ምን ሊያቆም? ጭጋግ ነው የሚያስረው?

ጭጋጉም አልታሰረ። ጧት ከጦሳ ወርዶ
በአራተኛው ቀዳዳ ደረቴ ገባ ማልዶ።
እኔም «ቁልፍ ልግዛ» ብዬ ተነሣሁ፣
ከፒያሳ ጀርባ በደረጃው ቁልቁል ተነዳሁ።

ሁለተኛ ሰው ሲገባ አንደኛው የሚወጣባት፣
የአያ ሙህዬ ሱቅ፣ የክብሪት ቀፎ በሏት።
«ቁልፍ አለህ?» አልኩት።
(በእኛ አገር አንቱታ ሰው ማራቂያ ነው፤
ሽበቱን ከወደድከው፣ አንተ ነው የምትለው።)
አገጩን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፦
ሺህ ቁልፍ፣ በሺህ ምስማር።
«ይሄ የእነ ሉባባ ቤት ነው፣ አስፋልት የወሰደው፤
ይሄ የወፍጮው በር፤
ይሄ ያ ዳኛ ሣጥኑን የቆለፈበት።
በሩ ፈርሶ ቁልፉ ሲተርፍ፣ ሰው መጣል ይከብደዋል፤
አምጥቶ እኔ ጋ ይሰቅለዋል።»
«ትሸጣለህ?»
«አከራያለሁ እንጂ።
ቤቱ በሕልሙ የመጣበት ሰው
ይዞት አድሮ፣ ጧት ይመልሰዋል።»

ካፖርቴን ገልጬ ቀዳዳውን ባሳየው፣
ሳቀ፣ ሳቀና ሳሉ አቋረጠው፦
«አይ አማርኛ! ለበርም ለደረትም አንድ ስም አልብሶ
ሰው ያንከራትታል። አብሽር፣
ወደ ሰዓቱ ሰው ውረድ፤ ብናኝ ነገር የሚያውቅ እሱ ነው።»

ቧንቧ ውሃ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣
ሽኩር አርባ ሰዓት ሰቅሏል፣ አርባውም አይስማሙም።
አንዱ ሦስት ይላል፣ አንዱ ሩብ ጉዳይ፣
አንዱ ከነጭራሹ ወደ ኋላ ይቆጥራል።
«ልኩ የቱ ነው?» ብለው፣
«ሒሳቡ የተከፈለው» አለና
እሱ ራሱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ
ጆሮውን ወደ መስጊዱ አዘነበለ።
ከዚያ መነጽሩን ባንድ ዓይኑ ነክሶ
ቁልፌን እንደ ታማሚ መረመረው፦
«የዚህ ወንድም ጦይባ ጋ አለ። ሸዋበር። ግን...»
ግን ያለውን አልጨረሰም፤ አዛን አለ።

የጦይባ ሱቅ የቤት ኮሪደር ናት፤
በመድኃኒት ጠርሙስ፣ በየቀለሙ፣ ቁልፍ የሞላባት።
የሠርግ፣ የወታደር፣ የሕፃን፣ የቄስ ካባ፤
አንዱን ጠርሙስ ብትነቀንቀው
ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የጀመረ ይመስልሃል።
እሷ ግን እኔን አላየችም።
ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣
«መጣህ?» አለች።
ካፖርቱን ነው።

ከአንገቷ ክር መዝዛ አወጣች፦
መልህቅ። አራተኛው። ጠርዙ ትንሽ የተላጠ።
«ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ከልባሽ ቦንዳ ውስጥ ብቻውን ወደቀ።
እናት አያጣም ብዬ
በደጄ ያለፈውን ኮት ሁሉ ስቆጥር ነበር። ሽጥልኝ።»
«አንቺ ሽጪልኝ እንጂ!»
«እኔ ነኝ የጠበቅኩት። አንተ ዛሬ ነው የበረደህ።»
ተከራከርን። መብራት ጠፋ። መብራት መጣ።
አልሸጠችልኝም። አልሸጥኩላትም።
«ሰኞ ና፣ ምናልባት ሐሳቤን እቀይራለሁ» አለች፤
እንደማትቀይር እያወቅኩ፣ «እሺ፣ ሰኞ» አልኩ።

ስወጣ ጭጋጉ ሸዋበርን ሞልቶት፣
የየሱቁ መብራት እንደ ጀልባ ይዋልል ነበር።
ደረቴን በእጄ ገጥሜ አሰብኩ፦
ይቺ ከተማ ራሷ
ደሴት ልትባል አንዲት ፊደል ጎድሏት፣
ባሕር ቢያጥራት ጭጋግ ደርባ የምትኖር፣
ያቺን «ት» አንገቱ ላይ ያሰረ ባለ ሱቅ
አንድ ደረጃ ሥር ተቀምጦ ይሆን?

ካለም፣
እንዳይሸጥላት።