ጦሙን የዋለ ካሜራ

ዝናብ ለብሳ አደረች፣ የቺሎዌ ደሴት፤
እንደ ዓሣ ቅርፊት፣ ጣውላ የደረበ ቤት፤
ደጁ ላይ ቆማለች፣ ኤዱቪጊስ፣ መበለት።

«ፎቶ?» አልኳት በእጄ፤ «ቆይ» አለችኝ በእጇ፤
ገባች፣ ድንች የሞላ ጆንያ ጥላ ከደጇ።

ስትወጣ ሌላ ሴት፦ የሟች ባሏ ካፖርት
ከጉልበቷ አልፎ፣ እጅጌው የዋጣት፤
በውኃ አስተኝታ፣ የከፈለችው ፀጉር፤
ዓይኗ ከኔ አልፎ፣ የሚፈልግ ባሕር።

ማንሻውን ሳብኩ፣ ጠቅ። ደግሜ ሳብኩ፣ ጠቅ።
ፊልም ስቆጥብ፣ ትንፋሼን ሳምቅ።

ቆጣሪው ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት አለ፤
ማለቂያው አልፏል፤ ማንሻው ግን «ገና አለ»።
ሠላሳ ስምንት ላይ፣ ልቤ ዝቅ አለ።

ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ጀርባውን ብከፍተው፣
ጫፉ ጥርሱን ስቶ፣ እንዳስገባሁት ነው፤
ቀኑን ሙሉ ለካ፣ ጦሙን ነው የዋለው።

ጠዋት ልነግራት ሄድኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፤
በሰባራ ስፓኒሽ፣ በእጄ አስረድቼ።
ሳቀች፣ ከልቧ ሳቀች። «እሰይ!» አለች፣ «እሰይ!
ካፖርቱ ትናንት ቁልፍ ጎድሎት ነበር፣ አላየህም ወይ?
ሌሊት ሰፋሁለት፣ በቀይ ክር፤ ይኸው እይ።»

ፊልሙን አጎረስኩት። እሷ ቁልፉን ነካች።
ዝናቡ አላባራም።
ዛሬ እኔን አየች።