የሰኔ አተር

ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን፣ በኪሴ አሥራ አንድ ዩሮ፤
ላይፕሲግ ላይ ትኩስ ቲማቲም፣ ሆኗል የሌላ ሰው ኑሮ።

ማቀዝቀዣው ላይ ጎንበስ ብዬ
ከረጢቱን ነቀነቅኩት፣ አስጠግቼ ከጆሮዬ፤
እንደ ጸናጽል ተንሿሿ፣ አተሩ ሳይነካካ፤
እንደ ቋጥኝ የረጋው ግን፣ ቀልጦ ነበር ለካ።

ሌላው ጀርባው ላይ «ቆስጣ» ይላል፣ ጨው እንኳ ያልነካው፤
ክሬም ያለበትን መለስኩ፣ ለቅባቱ ነው ዋጋው።

ማታ ሳላቀልጥ ጨመርኩት፣ ነጭ ሽንኩርት ከጋለበት፤
ትርሲት «አባ፣ ድንጋይ ነው ወይ?» ብላ አፈጠጠችበት።
ጥቂት ውሃ፣ ክዳን፣ አራት ደቂቃ፤
ክዳኑን ሳነሳ፣ አረንጓዴው ነቃ።

በሰኔ የለቀመው ማን ይሆን? እኔ እንጃ።
ትርሲት አተሩን አንድ በአንድ ቆጥራ ዋጠች፤
አርባ ሰባት ላይ «ነገም አለ?» አለች።

አለ።
ግማሽ ከረጢት።