የደረጃው አምፖል

ማስታወሻ ደብተር ይዤ፣ በጠዋት ባቡር ተጉዤ፣
ከቭሮትስዋፍ መጣሁ፤
የአክስቴን ውርስ ቤት፣ ባለ አራት ፎቅ ጡብ፣
ልሽጠው ወይስ ላቆየው ብዬ፣ ሰፈሩን ልመዝን ወጣሁ።

ቢቶም የከሰል አገር ነው፤ ሆዱ የተቦረቦረ ከተማ፣
ሌሊት ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ እንደ አጥንት ድምፁ የሚሰማ።

"ሰፈር ሲሞት ምልክት አለው" ሲል ደላላው ነግሮኛል፤
"ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ እዪ፣ በቦታው ማን ገብቷል?"
አየሁ፤ አራጣ አበዳሪ ገብቷል፤
መስታወቱ "ያለ ዋስ፣ ዛሬውኑ ገንዘብ" ይላል።

መስኮት ቆጠርኩ፤ በአንድ መንገድ አርባ ሦስት፤
አስራ ሰባቱ መጋረጃ የሌላቸው፣ ስድስቱ በጡብ የታወሩ።
የደወል ስም ቆጠርኩ፤ ግማሾቹ በምስማር ተፍቀው ቀሩ፣
ግማሾቹ በእስክሪብቶ ተሰርዘው፣ በላያቸው ሌላ ተጻፈ፤
ለመጨረሻው ስም ቦታ አልተረፈ።

ፖስተኛዋን ያድቪጋን አስቆምኳት። "ቦርሳዬን እስቲ አንሺው" አለችኝ።
አነሳሁት፤ ቀለለኝ።
"ድሮ ለገና የካርዱ ክምር ትከሻዬን ያጎብጠው ነበር፤
አሁን የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው፤
ማን ፈርሞ ይቀበል፣ ማንስ ይከፍታል በር?"

"እያሽቆለቆለ" ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ግን በግቢው፣ ሆዱ በተዘረገፈ ሶፋ ላይ፣ ሁለት ልጆች
የብስክሌት ጎማ ይለጥፋሉ፤
አንዱ በምራቅ ያረጥበዋል፣ አንዱ ጆሮውን ደቅኖ
ቀዳዳው የት እንደሚተነፍስ ያዳምጣል።
ይህ በየትኛው አምድ እንደሚገባ አላወቅኩም፤
ደላላውም አልነገረኝም።

መሸ። ቤቱ ገባሁ፣ "ቤቴ" ካልኩት፣
ደረጃውን በስልኬ መብራት እየዳበስኩት።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት፣ ባልዲ ከጎኗ አስቀምጣ፣
በጨለማ ትወለውላለች፤ እጇ መንገዱን ያውቀዋል።
ገርትሩዳ ትባላለች።
"ሰፈሩ ወድቋል ይላሉ፣ እማማ፣ እውነት ነው?" አልኳት።

"እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ፤
ሰፈር እግር የለው፣ በምን ተሰናክሎ ይወድቃል?
የዚህ ደረጃ አምፖል ግን ሁለት ገና አልፎታል ከተቃጠለ፤
ሦስቴ ጻፍን ለባለቤቷ፤ መልስ የሚባል ነገር የለ።
ቭሮትስዋፍ ነው አሉ የምትኖር።
የሁለተኛው ፎቅ ልጅ እዚችው ጋ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤
በወሩ ለቀቁ። ከዚያ ጎረቤታቸው። ከዚያ እንግዲህ ተጀመረ።
ይቅርታ፣ ማን ልበል?"

ደብተሬን ከደንኩ።
"አምፖል የሚሸጥ ሱቅ አለ፣ እዚህ አካባቢ?" አልኩ።

"ነበር" አለች።