«ሌላ»

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሎሪያን ማዶ፣
መረቡ ተሳበ ከወትሮው ከብዶ።
ግዌናኤል ባትሪውን ሲያበራ፣ በሚብለጨለጨው ዓሣ መሀል
አንዲት ዶልፊን፤
ጅራቷ በገመድ ተተብትቦ።

ውኃ ውስጥ ተወልዳ፣ ውኃ ውስጥ አድጋ፣
እዚያው ታፍና ሞተች ትንፋሽ ፍለጋ።

«ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል» ይላሉ፤
እዚህ ደረቅ የለም፣ እርጥብ ናቸው ሁሉ።

ስንገለብጣት ከሆዷ ሥር ወተት ጠብ አለ፤
ነጭ፣ ገና ለብ ያለ፣
ቦቲዬ ላይ።
ማንም አልተናገረ። ሞተሩ ብቻ።
ትንሹ ማሎ ቱቦ ጎትቶ አጠበው።

ካፒቴኑ መዝገቡን ገለጠ።
ለየዓሣው ስም አለው፣ ኪሎ አለው፣ ዋጋ፤
ከጥግ አንዲት ጠባብ ዓምድ፦ «ሌላ»።
«አንድ» ብሎ ጻፈ፤
እስክሪብቶውን ሳይከድን
ጨለማውን ባሕር አየ፣
ቆየ።