እንደራሴ

ኅዳር ሊያልቅ ነው በሬጃይና፤ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፤
ምክር ቤቱ ሞቆ፣ ሰው በክራቫት ታንቆ፣
ከሰገነቱ ጥግ አንድ አስተርጓሚ ተቀምጧል።
እኔ ነኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እንባ ሳሻግር፣
ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፣ ጠብታ እንዳይቀር፣
ከጠበቃ መርጊያ ጎን የኖርኩት ሰውዬ።
ዛሬ ግን የመጣሁት አፌን ዘግቼ ነው፣ ላየው ብዬ።

ቢሮው ከጎማ ሱቅ በላይ ነበር፤
ደረጃው ጠባብ፣ አምፖሉ ግማሽ ቀን የሚበራ፣ ግማሽ ቀን የሚያንገራግር።
አገር ቤት የተማረውን ሕግ «እዚህ አይሠራም» ሲሉት
«እሺ» አለ፤ ከሀ ጀመረ፣ በሠላሳ ስምንት።
ሌሊት በረዶ ጠራጊ መኪና እየነዳ ነው የተማረው፤
ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር አንዲት አንቀጽ የሚሸመድደው።
የከፈለ ከፈለ፤ ያጣ ድንች በከረጢት፤
አንዷማ ሹራብ ሠራችለት፣ እጅጌዋ ስንዝር ትርፍ ያላት።
ለብሷት ችሎት ገባ።

ሲከራከር እንግሊዝኛው እንግሊዝኛ ነው፣
አቋቋሙ ግን የበላ ልበልሃ ነው፦
አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ነጠላ እንደለበሰ ሰው ትከሻውን አስተካክሎ፣
ዳኛውን በቅንድቡ ይጠይቃል፣ «እስቲ ፍረድ» ብሎ።

አንዴ ተረታ።
ማዲት የሚባል ሰው ነበር፤ አሳፈሩት፤ መለሱት።
ፋይሉን አልዘጋም፤ ከመሳቢያው አላወጣም፤
ቁጥሩን እስከዛሬ በቃሉ ያውቀዋል፤ ስለሱ ግን አያወራም።

ከዚያ ስልክ ተደወለ፣ ከኦታዋ።
የንጉሡ እንደራሴ፣ በክፍለ ሀገሩ።
«አጉል ቀልድ» ብሎ ዘጋው።
ደግመው ደወሉ።

ይኸው ዙፋኑ ላይ ነው። ጸሐፊው ርዕስ ያነባል፤
የመንገድ፣ የከብት፣ የውኃ፤ እሱ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።
ዝቅ ሲያደርግ ሕግ ይሆናል።
አምስተኛው ደረሰ፦ ለድሃ ጠበቃ የሚቆመው በጀት
በግማሽ እንዲቆረጥ።
የለመድኩትን ጠበቅኩ፤ እግሩ ሲቀድም፣
ጉሮሮው ሲጠረግ።

ዝም።

ወረቀቱን አስመጣ። ልማድ አይደለም።
መነጽሩን ሰክቶ ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበበ፤
ወንበር ተንቋቋ፣ አንዱ ሳለ፤ እሱ አነበበ፤
እንደዚያ ሹራብ ክሩን እየቆጠረ አነበበ።
ከዚያ ራሱን ዝቅ አደረገ።

በጓሮ በር ጠበቅሁት። «ምን ነካህ?» አልኩ።
«እነሱን ሕዝብ መርጧቸዋል፤ እኔን ማን መረጠኝ?»
ጓንቱን አጠለቀ፤ ቆየ፤
ለበረዶው እንደሚነግር እንዲህ አለኝ፦
«እንደራሴ ነኝ እንጂ እንደ ራሴ አይደለሁም።»

ይህቺን ወደ እንግሊዝኛ መልስ ብትሉኝ
የሃያ ሁለት ዓመት ሙያዬን እመልሳለሁ፤ አልችልም።

ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ቆሟል። አንድ እግሩን አስገብቶ ዞረ፦
«ያ የደረጃው አምፖል ተቀየረ?»
«አልተቀየረም።»
«ቀይሩት።
ከነገ ጀምሮ የሚወጣው ሰው ይበዛል።»