ስለ አወዳደቅ

«ውሸት እኮ ነው!» ይለኛል ኢሊያስ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣
«ማን እንደሚጥል፣ ማን እንደሚወድቅ፣ ያለቀ ነው ተመካክሮ።»
አውቃለሁ።
ቡጢው አገጩ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀር፣
እግሩ ወለሉን ደልቆ፣ ለጥፊው ድምፅ ሲያበድር፣
አይቻለሁ፤ ካንተ ቀድሜ።
ግን ንገረኝ ወዳጄ፣
ከገመዱ ጫፍ፣ ከላይ ከማማው፣ መቶ ሃያ ኪሎ ሥጋ
በጀርባው ሲወርድ፣ የቱ ጋ ነው ውሸቱ፣ ከዚያ አደጋ?

ደብተር አለኝ፣ ሽፋኑ በግራሶ የጠቆረ፣
ባቡር ጋራዥ ስሠራ፣ በምሳ ሰዓት የተጀመረ።
ቀን፤ ተጋጣሚ፤ ደቂቃ፤ ከዐሥር ስንት።
የፈረንጅ ስማቸው አፋችን ላይ እየተሰበረ ቢያስቸግረን፣
እኛው ስም አወጣንላቸው፣ እንደ ሰፈር ልጅ ቆጥረን።
አንዱን «ጨብራራው»፤ አንዱን «ሽማግሌው»፤
ያንን ግዙፉን፣ ሁሌ አርፍዶ የሚገባውን፣
«የጅቡቲው ባቡር»።
(የተሳፈረበት ያውቀዋል።)

«ጥር ሦስት። ጨብራራው። ጡንቻው ያምራል፤ መውደቅ ግን አያውቅ፤
እንደ ሲሚንቶ ጆንያ ዝርግፍ ይላል፣ ለራሱም ሳይጠነቀቅ።
ከዐሥር ሦስት።»
«ግንቦት። ሽማግሌው ተሸነፈ። ጨዋታው ግን የሱ ነው፤
የጣለውን ልጅ ጀግና ያስመሰለው፣ የሱ ማቃሰት ነው።
ስምንት ተኩል።»

ማይክ ጨብጦ ሃያ ደቂቃ የሚለፈልፈውን አልወድም፤
ስብሰባ ካማረኝ ቀበሌ አለልኝ፤ ለዚያ ሳንቲም አልከፍልም።
በወንበር የሚማታም ያው ነው፤
ጨዋታ ሲያልቅበት ነው ሰው ዕቃ የሚያነሣው።

እኔ የማየው አወዳደቅ ነው።
አገጭ ወደ ደረት፤ መዳፍ ከጀርባ ቀድሞ መሬቱን ሲመታ፤
ደግሞ የጣዩን እጅ እዩት፣ ካሜራው ሲዞር፣ ለአፍታ፤
«ጠላቴ» ያለውን ሰው፣ ማጅራቱን እንደ እንቁላል ደግፎ፣
ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፤ ከላይ እያገሳ፣ ከሥር አቅፎ።
ይሄን ውሸት፣
እውነተኛ በሚባል ስንት ጠብ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

መጋላ፣ ዋበሪ ቪዲዮ ቤት፤ መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም፤
ቆርቆሮው ይግላል፤ ቬንቲሌተሩ ይዞራል እንጂ አያቀዘቅዝም።
ሽማግሌው ከባቡሩ ጋር፤ የዓመቱ ትልቁ ግጥሚያ።
ባቡሩ ላዩ ላይ ተኝቶበታል። ዳኛው፣ አንድ! ሁለት!
መብራት ሄደ።
«ገንዘብ አይመለስም» አለ ዋበሪ፣ ከጨለማው ወዲያ።

ያኔ ነው ዲሪዬ፣ ያ የታይዋን ተሸካሚ፣
ድምፁን ሰምተን የማናውቀው፣ ሁሌ ከኋላ ቋሚ፣
«ትከሻውን አነሣ!» ብሎ የጮኸው።
አንዱ የእጅ ባትሪ አበራ።
ዲሪዬ አግዳሚው ላይ ወጥቷል፤ ሽማግሌውን ሆኖ ይታገላል፣ ከሌለ ባላጋራ።
ራሱን አነቀ። ራሱን ጣለ። ዞር ብሎ ባቡሩን ሆኖ አፏጨ።
ከዚያ ከአግዳሚው ጫፍ ጀርባውን ለአየር ሰጠ፤
መዳፉ አሸዋውን ቀድሞ መታ፤ አቧራው በብርሃኑ ላይ ተረጨ።
ማን አስተማረው?
ስድሳ ሰው፣ ሁሉም በገዛ አፉ፣ ቆጠርንለት፤
አንድ! ለባ! ሰዲ!
ገንዘቡን የጠየቀ የለም።
እኔ ግን መጨረሻውን አላየሁምና መስመሩን ባዶ ተውኩት።

ባለፈው ወር የኢሊያስ ልጅ ነቢል ስልኩን ይዞ መጣ፤
«ያኔ ያመለጣችሁ ይኸው» አለኝ።
አየሁት። ዳኛው ሦስት ሊል ሲል፣ አንዱ ወንበር ይዞ ወጣ፤
ደወል ተደወለ። አሸናፊ የለም።
ስልኩን መለስኩለት።

ሳቢያን ቤቴ ገብቼ፣ ደብተሩን ከሣጥን አወጣሁ፤
የቢጫ ወረቀቱን አቧራ ጠርጌ፣ ያን መስመር አገኘሁ፤
«ዲሪዬ፣ ከጨለማ ጋር። ደቂቃው አልተያዘም።
ከዐሥር ዐሥር።»
እርግጥ ግራ ክንዱን ትንሽ ቀደም አድርጎ ዘርግቶ ነበር፤
ዘጠኝ ተኩል ላደርገው አሰብኩና
ተውኩት።