ከአረንጓዴው በር በስተግራ

ነርሷ ናት ከካርዴ ጥግ ቀድዳ የሰጠችኝ፤
ቁጥሩን ጽፋ «ደውል» ብቻ ነው ያለችኝ።
ሦስት ሳምንት በኪሴ ዞረ፣
ከሱሪዬ ጋር ታጠበ፣ ፀሐይ ላይ ደረቀ፣
ቀለሙ ሸሽቶ አኃዙ ግን ቀረ።

ሐሙስ ጧት ደወልኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል።
ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤
እስከ አራት ሰዓት ያልተቀመሰ ነገር ነው፣ ዕዳውን ይጠይቃል።
ሳል የሚያቋርጠው ድምፅ መጣ፦
«አዳማን ታውቃታለህ?»
ሳቄ አመለጠኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ጋሪ የነዳሁባት፣
ጉድጓዷን በወገቤ አጥንት የቆጠርኩባት፣
ፈረሴ ዳማ፣ ከተማዬ አዳማ፣
አቧራዋ በስሜ የሚጠራኝ በቀን በጨለማ።

«እንግዲያው የአረጋሽን ቤት አታጣውም፤ አረንጓዴ በር።»
«እሱንማ...»
«እለፈው። ማለፍ ከቻልክ በስተግራ ነው፤
የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው ክፍል፣ አሥራ አንድ ተኩል።»
ማለፍ ከቻልክ።
ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ቀረች ያቺ ቃል።

ነፋሱ ከአሰላ መንገድ በኩል አፈር አዝሎ ይመጣል፣
ዳማ ጆሮውን ጥሎ ይራመዳል።
ድራፍት ቤቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።
ምንም አላልኩትም፤ ራሱ ቆመ።
ልጓሙን ነካ ሳደርገው ሄደ።
ጠጅ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ቆመ፣
ግሮሰሪው ጥግ ቆመ፣
ከኋላችን አይሱዙ ጡሩምባውን ነፋ፣ ባለባጃጁ ሰደበን፤
ዳማ አንድ እግሩን አሳርፎ እስክወርድ ይጠብቃል።
ፈረስ አይሰክርም፤
የእኔን ስካር ግን እንደ ዳዊት ሸምድዶታል።

አረንጓዴው በር ጋ ጭራሽ
አንገቱን በመጋረጃው አሾልኮ አስገባ።
አረጋሽ ባልዲዋን ይዛ ወጣች እንደ ወትሮው፦
«ማስረሻ! ምነው ዛሬ ዘገየህ?
ውረድ እንጂ፤ ለሱ ውሃውን፣ ላንተም ያንተን ቀድቻለሁ።»
የአረቄው ሽታ በመጋረጃው ሥር ወጥቶ
እንደ ድሮ ወዳጅ ክንዴን ያዘኝ።
አልወረድኩም።
ለምን እንዳልወረድኩ አሁንም በውል አላውቅም፤
ምናልባት ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ምናልባት ያቺ ቃል።
ዳማ ባልዲው ውስጥ አፉን ነከረ።
ስንት ዓመት እኔ ጠጥቼ እሱ ጠበቀ፣ በዝናብ፣ በሐሩር፤
ዛሬ እሱ ጠጣ፤
እኔ ጠበቅኩ።

በስተግራ።
ወንበሮቹ ከጉልበቴ አይደርሱም፤
ስድስት ሰው፣ ትልልቅ ሰው፣ እንደ እንቁራሪት ተኮራምቶ ተቀምጧል።
ግድግዳው ላይ «በ» በግ ትላለች፣ «ጠ» ጠርሙስ ትላለች፤
አንድ ሰው ወረቀት ለጥፎ ጠርሙሷን ሸፍኗታል።
ሳሉን ለየሁት፦ ቱፋ፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የነበረ።
አጠገቡ ስንቅነሽ፣ ከሽንኩርት ተራ፣
ትጠጣለች ብዬ አንድም ቀን ያልጠረጠርኳት።
ስንት ጆንያ ጭኜላታለሁ፤
ለካ ሽንኩርቱ ነበር ትንፋሿን የሚሸፍንላት።

«ስምህን ብቻ» አለ ቱፋ። «ከፈለግህ።»
ማስረሻ።
ከእኔ በፊት የሞተባትን እንዲያስረሳት
እናቴ ያወጣችልኝ ነው።
እሷ ረስታ እንደሁ አልጠየቅኳትም፤
እኔ ግን የስሜን ሥራ ከጠርሙስ ስለምን ኖርኩ።
እንዲህ ብዬ አልተናገርኩም።
ያልኩት «ማስረሻ» ነው፤
ቀጥሎም «ዛሬ አልቀመስኩም።»
ማንም አላጨበጨበ። ስንቅነሽ
ዳክዬ በተሳለበት የልጅ ኩባያ ውሃ ሰጠችኝ፤
ግማሹ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ፤
ሁሉም ዞሮ ሀሁውን ማንበብ ያዘ።

ስወጣ መሽቷል። ነፋሱ አልበረደም።
ዳማ ሶምሶማውን ይዞ ወሰደኝና
አረንጓዴው በር ላይ ቆመ።
መብራቷ በርቷል።
ልጓሙን ሳብኩ።
አልተንቀሳቀሰም።
አንገቱን ዳበስኩት፣ «በዚያ በኩል» አልኩት፣
እንደገና ሳብኩ።